«እነሱ የሚፈልጉት ሰው አለ»

የሥራ ማስታወቂያ ስናወጣ ካመለከቱት ሰዎች ይልቅ ያላመለከቱት ያሳስቡኛል። ያመለከተውን አየዋለሁ። ሲቪው ጠረጴዛዬ ላይ ይደርሳል፣ ይጣራል፣ ለፈተና ይጠራል፣ ያልፋል ወይም ይቀራል። ያላመለከተው ግን የትም አይመዘገብም። ማስታወቂያውን ቴሌግራም ላይ አይቶ፣ መስፈርቱን ሁለቴ አንብቦ፣ «ይሄ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ስልኩን ያስቀምጣል። እሱን የጣለው ኮሚቴ የለም። ቃለ ጉባኤም የለም። ቅሬታ ላስገባ ቢል እንኳ ከሳሹም ተከሳሹም ራሱ ነው።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ የግል ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ነው። ሰው እንቀጥራለን፣ ደረጃ እናሳድጋለን፣ አንዳንዴም እናሰናብታለን። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ሰውን ባለበት የሚያስቀረው ሁልጊዜ የችሎታ ማነስ አይደለም። ብዙ ጊዜ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። «እንግሊዝኛዬ አይረባም።» «ሰው የለኝም።» «እኔ እኮ ዲፕሎማ ነኝ።» «በዚህ ዕድሜዬ?» ሰውየው ይህችን ይዞ ጠዋት ይገባል፣ ማታ ይወጣል።

የማነቃቂያ ንግግር ልጀምር እንዳይመስላችሁ። «ራስህን እመን፣ ትችላለህ» የሚለው ነገር ብዙም አይዋጥልኝም። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

ሂሳብ ክፍል አንዲት ባልደረባ አለችኝ። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትሠራው። ሰኔ 30 ሂሳብ ሲዘጋ ሁሉም የሚጠራት እሷን ነው። ከላይዋ የተሾሙ ሁለት ኃላፊዎች ሥራውን የለመዱት ከእሷ ነው። ሁለተኛው ሲለቅ ቦታው በውስጥ ማስታወቂያ ወጣ። መስፈርቱን ታሟላለች፤ ትምህርቱም ልምዱም አላት። የምዝገባው ጊዜ ሊያልቅ ሲል ዝርዝሩን አየሁት፣ ስሟ የለም። ሻይ ላይ ያዝኳት።

«ምነው አላመለከትሽም?»

«ውይ ተይኝ እባክሽ። እነሱ የሚፈልጉት ሰው አለ። ማስታወቂያው እኮ ለፎርማሊቲ ነው።»

«ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የተዘጋጀ ሰው የለም።»

ትንሽ አሰብ አደረገችና ሳቀች። «በቃ ላንቺም አልነገሩሽም ማለት ነዋ!»

መልሷን እስካሁን እወደዋለሁ። መግቢያ ቀዳዳ የለውም። የተዘጋጀ ሰው ካለ ልክ ነበረች፣ ከሌለ ደግሞ ተደብቋል። ያልኳት ሁሉ ወደ እሷ ወገን ይሄዳል።

ሞኝ ግን አይደለችም። ቆየት ብላ ያጫወተችኝ ነገር አለ። ቀድሞ በነበረችበት መሥሪያ ቤት ለእድገት ተወዳድራ በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ ወጥታለች። ቦታው የተሰጠው ፈተናው ላይ ጭራሽ ላልተቀመጠ ሰው ነው። ቅሬታ አስገባች። «ይታያል» አሏት። ሳይታይ ቀረ። ስለዚህ ያቺ ዓረፍተ ነገር ከአየር ላይ የመጣች አይደለችም፣ ተከፍሎባታል። በሙያዋ ቋንቋ ልናገርና፣ እጇ ላይ ያለው እውነተኛ ደረሰኝ ነው። ችግሩ የሌላ ድርጅት፣ የሌላ በጀት ዓመት ደረሰኝ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ከሚወራው ጋር የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። ሰው ስለ ራሱ የሚያምነው የሚያሳንስ ነገር ሁሉ ቅዠት ነው፣ አራግፈኸው ተነስ ይባላል። እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ ግን አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ እውነት ነበሩ። ሰውየው ሳያረጋግጥ አልያዛቸውም። ያልሠራው ነገር ቢኖር ዳግመኛ ማረጋገጥ ነው።

እናቴን ልጥራ። የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች። ሥራ ስጀምር የሰጠችኝ ምክር አጭር ነው፤ «አርፈሽ እንጀራሽን ብዪ።» ስብሰባ ላይ እጅ አታውጪ፣ ከአለቃ ጋር አትከራከሪ፣ ከፊትም ከኋላም አትሁኚ። በእሷ ጊዜ ይህ ብልህነት ነበር። በደርግ ዘመን ጎልቶ የታየ ሰው ምን ሊደርስበት እንደሚችል አይታለች። ቀጥሎ ደግሞ የግምገማው ዘመን መጣ፤ ሰው በስብሰባ መሐል ተነስቶ የባልደረባውን ገመና የሚዘረዝርበት። መሐል የቆመ ሰው ተረፈ። ያወረሰችኝ ያተረፋትን ነገር ነው፣ አልፈርድባትም። ዛሬ እኛ ቢሮ መሐል የቆመን ሰው ማንም አይነካውም። የእድገት ስም ዝርዝር ሲዘጋጅ ግን ማንም አያስታውሰውም።

ከቤት ቀጥሎ ትምህርት ቤት አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተናን ተመልከቱ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ይፋ ሲሆን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኑ። በዚያ በ2014ቱ ፈተና ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከአንድ ትምህርት ቤት አንድም ልጅ ካላለፈ ጥያቄው ስለ ልጆቹ መሆኑ ይቀራል። ስለ መምህሩ ነው፣ ስለ መጽሐፉ ነው፣ በኮቪድና በጦርነት ስለተዘጉት ወራት ነው። ልጁ ግን ቤቱ የሚገባው ለብቻው ነው። ጎረቤት «ትምህርት ቤቱ ወደቀ» አይልም። «የእገሌ ልጅ ወደቀ» ነው የሚለው። ያ ልጅ ነገ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው የእኔን ማስታወቂያ ያነባል። ምን ብሎ እንደሚያነበው ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ያለፈውም ቢሆን ነፃ አይወጣም። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለዓመታት ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ተደርጎ ነበር። ስንቱ ነው ያልመረጠውን ተምሮ የወጣው! «ምን አጠናህ?» ስትሉት «ተመድቤ ነው» ብሎ የሚጀምር ሰው ሁላችንም እናውቃለን። የሚገርመው ከተመረቀ በኋላ ነው። ያልመረጠው ያ ዲፓርትመንት አጥሩ ይሆናል። ስታትስቲክስ ተመድቦ የተማረ ልጅ ሽያጭ ላይ ጎበዝ ሆኖ ሳለ «የተማርኩት እኮ እሱን አይደለም» ብሎ ወደ ኋላ ይላል። ሌላ ሰው የመደበውን እሱ ጠባቂ ሆኖለት አረፈ።

እንግሊዝኛ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ በላይ ሰው ሲሰበር ያየሁት እዚያ ላይ ነውና።

ለንብረት ክፍል ኃላፊነት ቃለ መጠይቅ ይዘን ነበር። ከጠረጴዛው ወዲህ የተቀመጥነው ሦስታችንም አማርኛ ተናጋሪዎች ነን። ከወዲያ የተቀመጠው ሰውም እንዲሁ። ሥራው ከሾፌር፣ ከጫኝና አውራጅ፣ ከጥበቃ ጋር በአማርኛ የሚሠራ ነው። ዕቃ በሞዴል 19 ትቀበላለህ፣ በሞዴል 22 ታወጣለህ፣ ገቢና ወጪው የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ ትሞላለህ፣ ዓመት ሲዘጋ ትቆጥራለህ። ጥያቄው ግን «ቴል ሚ አባውት ዩርሰልፍ» ብሎ ጀመረ። ሰውየው ላብ በላብ ሆነ። ስሙንና የተመረቀበትን ዓመት ተናገረ። ሌላ ቃል ከአፉ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የመጡትን ጥያቄዎች መስማቱንም እጠራጠራለሁ።

ሲወጣ እኔ ነኝ የሸኘሁት። በስቶሩ በኩል ስናልፍ ቆም ብሎ በሩ ጋ የተደረደሩትን ካርቶኖች አየና «አዲሱን ከፊት ከደረደራችሁት አሮጌውን መቼ ታወጡታላችሁ? የመጠቀሚያ ጊዜ የለውም እንዴ?» አለኝ። ስንት ስብሰባ የተቀመጥንበትን ችግር ቆሞ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ነገረኝ። ነጥቡ ተደመረ፣ ሌላ ሰው ተቀጠረ። «እንግሊዝኛ አልችልም» የሚለው እምነቱ ከእኛ ቢሮ አዲስ ማህተም ተመትቶለት ወጣ።

እንግዲህ ለዚህ ሰው «ራስህን እመን» ምን ያደርግለታል? በሩን የዘጋበት እምነቱ ብቻ አይደለም። የነጥብ አሰጣጣችን ነው። ከማነቃቂያ ንግግሮች ጋር የማልግባባው ለዚህ ነው። አዳራሹ ሞልቶ፣ ሙዚቃው ከፍ ብሎ፣ መድረኩ ላይ ያለው ሰው «ያስቀረህ አንተው ነህ!» ሲል ሕዝቡ ያጨበጭባል። ሰውየው ሰኞ ሥራ ሲገባ አለቃው ያው አለቃ ነው፣ ስኬሉም ያው ስኬል ነው። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ምንም ካልተለወጠ አሁን ሁለት ጥፋት አለበት፤ ድሮ አለመቻሉ፣ አሁን ደግሞ አለማመኑ። የመግቢያ ዋጋውንም አትርሱ።

ግን ሁሉን በር ላይ መለጠፍም ልክ አይደለም። የአክስቴን ልጅ ታሪክ የምነግራችሁ ለዚህ ነው።

እዚህ ሀገር ነርስ ነበረች። ሜሪላንድ ከሄደች በኋላ የአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ያዘች። ሥራው ክቡር ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ነገር ግን ሙያዋ ነርስነት ነው፣ ልቧም እዚያው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከውጭ የመጣ ነርስ ለመሥራት የትምህርት ማስረጃው ተገምግሞ፣ ከስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ለመፈተን ፈቃድ አግኝቶ፣ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና ማለፍ አለበት። ስልክ በደወልኩ ቁጥር «እሱ ለእኔ አይሆንም፣ ልጆቹ ይድረሱልኝ» ትለኛለች። ማኅበርና ለቅሶ ላይ የምታገኛቸው ሐበሾችም ያው ይላሉ። አንዷ ወድቃለች፣ ሌላዋ ጀምራ ትታዋለች። ያለፈችው ደግሞ በማታና በቅዳሜ ፈረቃ ስለምትሠራ ለቅሶ ላይ አትገኝም! ይህን እሷው ናት ኋላ ላይ እየሳቀች የነገረችኝ።

በመጨረሻ ተቀመጠች። እንዴት እንደቆረጠች ረጅም ታሪክ ነው፣ ባሏም ቤቱን ይዞላት ነበር። ፈተናውን ጨርሳ ስትደውልልኝ እያለቀሰች ነው። «ወድቄያለሁ። ግማሹን እንኳ አላወቅሁትም፣ እየከበደ እየከበደ ነው የሄደው።» እኔም ከልቤ አዘንኩ። ውጤቱ ሲመጣ አልፋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤንክሌክስ በኮምፒውተር የሚሰጥ፣ በተፈታኙ ልክ የሚለዋወጥ ፈተና ነው። ትክክል ስትመልሱ ቀጣዩ ጥያቄ ይከብዳል። ስትሳሳቱ ይቀላል። ኮምፒውተሩ ግማሽ በግማሽ የምትመልሱበትን ደረጃ ነው የሚፈልገው፤ ያ ደረጃ ከማለፊያው መስመር በላይ ይሁን በታች በቂ እርግጠኛ ሲሆን ፈተናውን ያቆመዋል። ከ85 ጥያቄ ጀምሮ እስከ 150 ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ጎበዙም ቢሆን ጥያቄው እስኪያቅተው ድረስ ይከብድበታል። የመውደቅ ስሜት የፈተናው አሠራር የሚያመጣው ነው፣ ስለ ውጤቱ ምንም አይናገርም። ቢወድቅ እንኳ ከ45 ቀን በኋላ ድጋሚ መቀመጥ ይቻላል። እሷ ግን ያደገችው የከበደ ፈተና ማለት የወደቁት ፈተና ነው በሚባልበት ቤት ነው። ስሜቷን እንደ ውጤት አነበበችው።

ይህ ነገር ከዚያ በኋላ በሌላ ቦታም ይታየኝ ጀመር። አዲስ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት «አልቻልኩም» ብሎ ወደ ድሮ ቦታው መመለስ ይፈልጋል። አልቻለም ወይ ብለን ሥራውን ስናየው ደህና ነው። የከበደው ከበድ ወዳለ ቦታ ስለሄደ ነው።

ስለ ሳይንሱ አንድ ነገር ልንገራችሁና አልፋለሁ፤ በጣም ስለወደድኩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በውሾች ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ማምለጥ በማይችሉበት ሁኔታ የኤሌክትሪክ ንዝረት የተሰጣቸው ውሾች፣ በኋላ ዝቅተኛ አጥር ዘለው ማምለጥ ሲችሉ እንኳ ብዙዎቹ ተኝተው ቀሩ። (ጭካኔው ዛሬ የሚፈቀድ አይመስለኝም።) «ተስፋ መቁረጥን ተምረዋል» ተባለ፣ ሐሳቡም ዓለምን ዞረ። ብዙም የማይወራው ቀጣዩ ክፍል ነው። ውሾቹን ለማዳን አጥሩን አነሱላቸው፣ ከወዲያ ሆነው ጠሯቸው፤ አልሆነም። የሠራው በማሰሪያቸው እየጎተቱ ደጋግሞ ወደ ወዲያኛው ወገን ማሻገር ነበር። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ውሾቹ ራሳቸው መሻገር ጀመሩ።

ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ እነዚያው ሁለት ሰዎች ተመልሰው መጡና «ገልብጠነው ነበር» አሉ። በአእምሮ ላይ የተደረጉት አዳዲስ ጥናቶች የሚያሳዩት፣ ረጅም መከራ ሲመጣ ዝም ብሎ መተኛት ያለ ትምህርት የሚመጣ ነገር መሆኑን ነው። የሚማሩት ተቃራኒውን ነው፤ «እኔ ያደረግሁት ነገር ለውጥ አመጣ» የሚለውን። እሱን ደግሞ በማድረግ እንጂ በመስማት አይማሩትም።

ለዚህ ነው ባልደረባዬን ማሳመን ያቆምኩት። በክርክር የሚሆን አልመሰለኝም።

በቆጂን አስቡ። አርሲ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ብርዱም ከፍታውም ከጥንት ጀምሮ እዚያው ነበር። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስትወስድ፣ ኦሊምፒክ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። በ1996 ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ ማራቶኑን ወሰደች። ከዚያ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ፣ ቲኪ ገላና፣ ገንዘቤ። ከዚያች ከተማና ከአካባቢዋ! አንዲት የሰፈር ልጅ አሸንፋ ስትመለስ ሌላዋ ልጅ የምታየው ነገር ይለወጣል፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ታሪኩን እዚያ ላይ የሚያቆሙትን አልወድም። ሥንታየሁ እሸቱ የሚባል የትምህርት ቤት መምህር ነበረ፤ ሌሊት እየተነሳ እነዚያን ልጆች ያሠራ ነበር። ምሳሌዋን አይተው የተነሱትን ልጆች ሜዳው ላይ የሚጠብቃቸው ሰው ነበራቸው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የመጀመሪያውን ፖስተር አድርገው ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ፣ ሁለተኛውን ይረሱታል።

አሁን ስለ ደመወዝ። እዚህ ላይ ሰውን በትከሻው ይዤ መነቅነቅ ያምረኛል።

የማመልከቻ ቅጻችን ላይ «የሚጠብቁት ደመወዝ» የሚል መስመር አለ። አብዛኛው ሰው «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ብሎ ይጽፋል። ቃለ መጠይቅ ላይ ስንጠይቅ ደግሞ «እናንተ እንዳያችሁ»። እንዲህ የሚሉት ጀማሪዎች ብቻ አይደሉም፣ ልጆቻቸውን ኮሌጅ ያስገቡ ሰዎች ጭምር ናቸው። ለግሉ ዘርፍ በሀገር ደረጃ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለንም፤ ስለዚህ የሚከፈልህ ብዙ ጊዜ የተስማማህበት ነው። በእኛ ቤት ለአንድ ቦታ «ከዚህ እስከዚህ» የሚል በጀት ይያዛል። «እናንተ እንዳያችሁ» ያለውን ሰው የት ላይ የምናየው ይመስላችኋል? ታችኛው ላይ ነው። ሂሳብ ክፍል አያለቅስም። ያው ሥራ፣ ያው ወር የገባ ሌላ ሰው ቁጥር ስለጠራ ብቻ ከፍ ብሎ ይጀምራል። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ደመወዝ ላይ ግን ሲነቅዝ አይቻለሁ።

ምክንያቱን ስጠይቅ «ስግብግብ እንዳልመስል» ይላሉ። ሲቪውም ላይ ያው ነው። ከዜሮ የተነሳን ፕሮጀክት የመራ ሰው «በፕሮጀክቱ ተሳትፌያለሁ» ብሎ ይጽፋል። ጉራ እንዳይመስልበት ነው። እኔ ግን አላውቀውም፣ አብሬው አላደግሁም፣ ትህትናው ወረቀቱ ላይ አይነበብም። የማነበው «ተሳትፌያለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። የሚገርመው ስለ ሌላ ሰው ሲመሰክሩ አንደበታቸው ይፈታል። አንዱን «የቅርብ ጓደኛህ ስላንተ ቢጠየቅ ምን ይላል?» አልኩት። አሥር ደቂቃ ተናገረ። «ይህንኑ ጻፈው» አልኩት። ተሸማቀቀ፣ ግን ጻፈው። ሴቶቹ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ራሷ የሠራችውን «ሠራን» ብላ የምትጽፍ ስንት አለች መሰላችሁ።

«ሰው የለኝም» የሚለውን ሳልነካው ማለፍ አልችልም። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ በሰው የሚገባበት ቦታ አለ። አይቻለሁ። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። በዘመድ የገባው ሰው ወሬ ይሆናል፣ ሰፈር ሁሉ ያወራዋል። በማስታወቂያ አመልክቶ፣ ተፈትኖ፣ በወሩ ሥራ የጀመረው ሰው ግን ምን ወሬ አለው? ማንም አይተርከውም። ስለዚህ ሻይ ቤት የምንሰማው ታሪክ ሁሉ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ቁጥሩን ከወሬ ብንሠራው መሳሳታችን አይቀርም።

ወደ ባልደረባዬ ልመለስ። ከወራት በኋላ ሌላ የውስጥ ማስታወቂያ ወጣ፣ እዚያው ሂሳብ ክፍል። «እንድታሸንፊ አይደለም» አልኳት። «የውስጥ ተወዳዳሪ የነጥብ ዝርዝሩን ጠይቆ ማየት ይችላል፣ መመሪያው ላይ አለ። እሱን ለማየት አመልክቺ። የተዘጋጀ ሰው ካለ በወረቀት ታገኚዋለሽ።» ይህ ገባት። ሂሳብ ሠራተኛ ናታ፣ ሰነድ ትወዳለች።

አመለከተች። ሁለተኛ ወጣች። ቅር እያላት መጥታ ዝርዝሩን ጠየቀች። የጽሑፍ ፈተናው ላይ ከሁሉም በላይ ናት። ነጥብ ያጣችው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ በእንግሊዝኛ የነበረው ቃለ መጠይቅ። ሌላው አይኤፍአርኤስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ ላይ የነበሩት ጥያቄዎች። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ከወጣ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ድርጅቶች ሂሳባቸውን በዚህ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወደ ማቅረብ እየገቡ ነው። እኛ ቤት የመጀመሪያውን ሽግግር የሠሩት ከውጭ የመጡ አማካሪዎች ስለነበሩ እሷ አልደረሳትም ነበር። ወረቀቱን ይዛ ረጅም ጊዜ አየችው። «ይሄን እኮ መማር ይቻላል» አለች።

አሁን የማታ ኮርስ ይዛለች። ሐሳቧን ለወጠች እንዳትሉ ግን። ትናንት ምሳ ላይ «ያኔም ቢሆን የሚፈልጉት ሰው ነበራቸው» ስትል ሰምቻታለሁ። ወዲያው ደግሞ የሚቀጥለው ቦታ መቼ እንደሚወጣ ጠየቀችኝ። ሁለቱም አብረው ይኖራሉ፣ እኔም አልከራከራትም።

በእኔ በኩል ያለው ሥራ ቃለ መጠይቁ ነው። ለንብረት ክፍል የሥራ መደቦች ጥያቄው በአማርኛ እንዲሆን፣ ተወዳዳሪው ስቶር ገብቶ በተግባር እንዲታይ፣ እንግሊዝኛው ደግሞ ሥራው የሚጠይቀውን ቅጽ በመሙላት ብቻ እንዲመዘን ሐሳብ አቅርቤ ተቀባይነት አግኝቷል። ለሂሳብ ክፍሉ ግን ሥራ አስኪያጃችን እሺ አላሉም። «በእንግሊዝኛ መናገር የማይችል ኃላፊ ኦዲተሮቹ ፊት እንዴት ይቀርባል?» ይላሉ። ኦዲተሮቻችን የሚመጡት ከቦሌ ነው፣ ከእኛም ጋር ሲያወሩ የሰማኋቸው በአማርኛ ነው። ለሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳ አስይዤዋለሁ።